ከቤት የወጣ ዐይን፦ የኪነ ሕንፃ ተማሪን ለባዕድ አገር ትምህርት ስለ ማሰናዳት

ሕግ ለመማር የሚሄድ ወጣት ችሎት ፊት ቆሞ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሕክምና ለመማር የሚሄደውም የሰውን ልብ በዐይኑ አይቶ አያውቅም። ኪነ ሕንፃን ለመማር የሚሄድ ወጣት ግን ከትምህርቱ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በቤት ውስጥ ተወልዷል፤ በግድግዳ ጥግ ተጫውቷል፤ ዝናብ ሲጥል የጣሪያውን ድምፅ አድምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን በየትኛው በር እንደሚወጣ ማንም በሰሌዳ ሳያስተምረው ዐውቋል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ተማሪ ከየትኛውም ዓለም ይምጣ፣ ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ የሚደርሰው ቢያንስ የ18 ዓመት ትምህርት ተሸክሞ ነው። ያ ትምህርት በደጃፉ ላይ ምን ይደረግበታል? ይጨመርበታል ወይስ እንዲጣል ይጠየቃል?

ነገሩ ሲታይ የሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር ከውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የመሠረት ትምህርት ብዙውን ጊዜ አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው እንግሊዝኛውን ያዳብራል፤ በእጅ መሣልንና ቴክኒካዊ ንድፍን ይለማመዳል፤ ከወረቀትና ከካርቶን ሞዴል ይሠራል፤ ዩኒቨርሲቲው ሊቀበለው ሲመዝን የሚያይለትን የሥራ ማኅደር፣ ፖርትፎሊዮ የሚባለውን፣ ያዘጋጃል። በጀርመን አገር ደግሞ የትውልድ አገሩ የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባው ተማሪ ሽቱድየንኮሌግ በሚባል መሰናዶ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴሚስተር ይቀመጣል። ወደ ቴክኒክ ሙያዎች የሚያመራው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ጀርመንኛ ተምሮ የብቃት ፈተና ይወስዳል። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ቋንቋውን ያልያዘ ተማሪ መምህሩን አይሰማም፤ ፕላን ማንበብ የማይችልም ሐሳቡን ለግንበኛ ማስረዳት አይችልም።

ሆኖም ማሰናዳት የሚለው ቃል በውስጡ ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን ይዟል። ለመንገድ የሚሰናዳ ሰው ስንቅ ይጨምራል፤ ለዘር የሚሰናዳ መሬት ግን ይመነጠራል። የፊተኛው በነበረው ላይ ማከል ነው፤ የኋለኛው የነበረውን ማንሣት ነው። አንድ የመሰናዶ ትምህርት ቤት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ ሳይናገር፣ አንዳንዴም ራሱ ሳያውቀው፣ ምንጣሮውን ሊሠራ ይችላል። የሞራሉ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ነገ በሚሠራው ቤት የሚኖረው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሰዎችም ናቸው። በአንድ ተማሪ አእምሮ ውስጥ የተመነጠረው ነገር፣ ከዓመታት በኋላ በብዙ ቤተሰቦች ኑሮ ውስጥ ጉድለት ሆኖ ይገኛል።

የምንጣሮው ሐሳብ ከክፋት የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው የጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ገቢዎቹን በቅድሚያ የስድስት ወር መሰናዶ ኮርስ ያስገባቸው ነበር። ኮርሱን የቀረጸው የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ኢተን እስከ 1923 ድረስ በዚያ አስተምሯል። ዓላማው ተማሪው በመቅዳት የለመደውን ወግ ጥሎ እንጨትን እንደ እንጨት፣ ድንጋይን እንደ ድንጋይ፣ ቀለምን እንደ ቀለም በገዛ ጣቱና በገዛ ዐይኑ እንዲያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ የንድፍ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዓመት ትምህርታቸውን በዚህ አርአያ ቀርጸዋል። የሐሳቡ ኃይል አይካድም፤ በድን ልማድን አራግፎ መነሣት ለማንኛውም ጥበበኛ ይጠቅማልና።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የቫይማር ልጅ በትምህርት ቤት ያራገፈውን ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘዋል። የአያቱ ቤት፣ የገበያው አደባባይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በየቀኑ ይመልሱለታል። እርሱም አዲሱን ከአሮጌው እያስተያየ የሚጥለውንና የሚያነሣውን ይመርጣል። ከጎንደር፣ ከካኖ ወይም ከዳካ የሄደው ተማሪ ግን ያራገፈውን የሚመልስለት ጎዳና በዙሪያው የለም። ለአንዱ ነፃነት የሆነው መራገፍ ለሌላው መርሳት ይሆናል። ለሁሉም እኩል የተሰጠ ትምህርት ለሁሉም እኩል የማይሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

መርሳቱን የታሪክ መጻሕፍትም ሲያግዙት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1896 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የባኒስተር ፍሌቸር የኪነ ሕንፃ ታሪክ መጽሐፍ ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች ዋና ማጣቀሻ ነበር። በ1901 በወጣው አራተኛ እትሙ የሕንድን፣ የቻይናን፣ የጃፓንን፣ የእስልምናውን ዓለምና የመካከለኛው አሜሪካን አሠራሮች ታሪክ የለሽ በሚል ክፍል ለብቻቸው አስቀመጣቸው። በመጽሐፉ የተሣለው የኪነ ሕንፃ ዛፍም ግንዱ ከግሪክና ከሮም ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የሚያድግ ሲሆን፣ የሌሎች ሕዝቦች ጥበብ ከጎን ወጥተው እዚያው የቀሩ ቅርንጫፎች ሆነው ይታያሉ። ዛሬ መጽሐፉ ተለውጧል፤ የቅርቡ 21ኛ እትም በአዲስ መልክ የዓለም ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። ነገር ግን በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር የተማሩ ሰዎች በተራቸው መምህራን ሆነዋል። የሥዕል መጽሐፍ በአንድ እትም ይታረማል፤ የመምህር ዐይን ግን በአንድ እትም አይታረምም።

የዚህ መርሳት ዋጋ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስለ ሐሩር አገሮች ኪነ ሕንፃ አንድ ጉባኤ ተካሄደ። ለጉባኤው መነሻ የሆነው በማንቸስተር ይማር የነበረ አዴዶኩን አዴዬሚ የተባለ ናይጄሪያዊ ተማሪ ነው። አቤቱታው ግልጽ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር የሚሰጠው ትምህርት ወደ አገሩ ተመልሶ ለሚጠብቀው ሥራ የሚያሰናዳ አልሆነም። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። በሰሜን አውሮፓ ነዳፊው ፀሐይን ወደ ቤት የሚያስገባበትን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያደርግበትን ዘዴ ይማራል። በሌጎስ ደግሞ ፀሐይን ከግድግዳ ላይ መከላከልና ለነፋስ መተላለፊያ መስጠት አለበት። ፀሐይን ለመጋበዝ የሠለጠነ እጅ፣ ፀሐይን መሸሽ በሚገባበት አገር ቢሠራ፣ ጥፋቱን የሚሸከመው በቤቱ ውስጥ የሚተኛው ሕፃን ነው።

ለአቤቱታው መልስ ተሰጠ። በ1954 አርኪቴክቸራል አሶሲየሽን የተባለው የለንደን ትምህርት ቤት ስለ ሐሩር አገሮች ኪነ ሕንፃ የሚያስተምር ክፍል ከፈተ። መጀመሪያ ማክስዌል ፍራይ፣ ከ1957 ጀምሮ ደግሞ ኦቶ ኮኒግስበርገር መሩት። ኮኒግስበርገር ራሱ በናዚዎች ዘመን ከጀርመን ተሰድዶ በሕንድ አገር ለዓመታት የሠራ ሰው ነበር፤ የእንግዳን ተማሪ ነገር ከሌላው ይልቅ ሊረዳ የሚችል ሰው ማለት ነው። ክፍሉ በ1971 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስኪዛወር ድረስ ከብዙ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችን አስተማረ። በዚያው በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መቋቋሙም ከዚሁ ዘመን ስሜት ጋር የሚሄድ ነው፤ የአገር ልጅ ከአገሩ አፈርና ከአገሩ እንጨት ሳይርቅ ይማር ዘንድ።

እነዚህ ሁሉ ታላላቅ እርምጃዎች ነበሩ። ነገር ግን የአዴዬሚ ጥያቄ ከአየር ጠባይ ይሰፋል። ሙቀትን ቴርሞሜትር ይለካዋል፤ የነፋስንም አቅጣጫ መሣሪያ ይነግራል። በሐረር ጀጎል ባለ ነባር ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት የመደብ መቀመጫዎች ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ለምን እንደ ሆነ ግን የሚነግር መሣሪያ የለም። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ የወለል ከፍታ ልዩነት የክብር ቋንቋ መሆኑን ያውቃል፤ ሽማግሌው የት፣ እንግዳው የት፣ ልጆች የት እንደሚቀመጡ ወለሉ ይነግረዋል። ይህ ልጅ ሴክሽን የሚባለውን ንድፍ በስሙ ሳያውቀው በሰውነቱ ያውቀዋል። በመሰናዶው ዓመት መምህሩ ይህን ካልጠየቀው፣ ተማሪው ራሱ ዕውቀት መሆኑን ሳይረዳ ይጥለዋል።

ጓዳ የሚለውን ቃል ማንሣት ይበቃል። ተማሪው ይህን ቃል ወደ እንግሊዝኛ መልስ ቢባል ዕቃ ቤት ወይም ማድ ቤት ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ጓዳ ግን ሁለቱንም ሆኖ ሁለቱንም አይደለም። የቤቱ እመቤት ሥልጣን ያለበት፣ የቤተሰቡ ገበና የሚሸሸግበት፣ ለእንግዳ የማይታይ እጥረት በብልኃት የሚሸፈንበት ስፍራ ነው። ገበና የሚባለውን ነገር የማያውቅ ነዳፊ ማድ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር ያለ ግድግዳ ያገናኘዋል፤ ሥራውም በወረቀት ላይ ያምራል። ገብታ የምትኖርበት ሴት ግን በመጋረጃ ትከፍለዋለች። ያቺ መጋረጃ በንድፉ ላይ የተጻፈች ትችት ናት፤ ነዳፊው ግን ተመልሶ አያነባትም። በአንጻሩ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲሠሩ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገርና ለልብስ ማጠብ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች ለብቻ መታሰባቸው ከጓዳ የመጣ ዕውቀት ወደ ፕላን ሊገባ እንደሚችል ያሳያል።

እስከዚህ የተባለውን የሰማ ሰው፣ እንግዲያስ ተማሪው የአባቱን ቤት ብቻ ያጥና፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፣ ሊል ይችላል። ይህ ተረት እውነትነቱ እስከ እኩሌታው ነው። በሬው ሰርዶውን የሚነቅለው ቀንበርና ማረሻ ሲኖረው ነውና። ከዚህም በላይ፣ ያደጉበት ቤት ንጹሕ አይደለም። የጎጆው ክብ ውበት በሠዓሊ ሸራ ላይ ደስ ያሰኛል፤ በዚያ ጎጆ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ግን ዐይኗ በጭስ ቀልቷል፤ ሳንባዋም ተጎድቷል። የነደባው ከፍታ ክብርን እንደሚናገር ሁሉ፣ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ሰው ለምን ዝቅ እንዳለም መጠየቅ ይገባል። ነባሩን ቤት የሚያወድስ ብቻ የሆነ ተማሪ እናቱን በጭስ ውስጥ ይተዋታል። ነባሩን ቤት የረሳ ተማሪም እንዲሁ ይተዋታል፤ ጭሱ ስለ መኖሩ አያስታውስምና። በአድናቆትና በመርሳት መካከል ያለው ልዩነት በእናትየዋ ዐይን ሲመዘን ከንቱ ነው።

ስለዚህ የባዕድ አገር ትምህርት የሚሰጠው ርቀት በራሱ ጸጋ ነው። በቤት ውስጥ ሳሉ ቤት አይታይም። ተማሪው ወጥቶ፣ ሌላ አሠራር አይቶ፣ የጭስ መውጫን ጥበብና የኮንክሪትን ስሌት ተምሮ ወደ ኋላ ሲመለከት፣ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥረው የነበረው ነገር የሰው ውሳኔ መሆኑን ይረዳል። የሰው ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ሊሻሻል ይችላል። ይህን ርቀት የሚነፍገው ለስላሳ መምህር፣ ከአገርህ ባህል ነውና ደኅና ነው እያለ ደካማ ሥራውን የሚያልፍለት መምህር፣ ውለታ አልዋለለትም። በትሕትና መልክ ንቆታል። ጥብቅ ትምህርት መስጠት ለእንግዳው ተማሪ የሚገባው የመጀመሪያው ክብር ነው።

ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከቡርኪና ፋሶ የመጣው የዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ሕይወት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1965 በጋንዶ መንደር የተወለደው ኬሬ ከመንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት የተላከ ልጅ ነበር። መንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረው በ7 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቴንኮዶጎ ሄደ፤ የተማረውም በተጨናነቀና ሙቀቱ በሚያፍን ክፍል ውስጥ ነው። በ1985 የአናጢነት ሙያ ለመማር በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ በርሊን አቀና። ቀን ጣሪያና የቤት ዕቃ መሥራት እየተማረ፣ ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ቀጠለ። ወደ በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ1995 ነው። የእርሱ የመሰናዶ ዘመን አንድ ዓመት ሳይሆን 10 ዓመት ነበር ማለት ይቻላል፤ ያውም መጋዝና መዶሻ ከእጁ ሳይለይ።

ኬሬ ትምህርቱን ሳይጨርስ በ2001 በጋንዶ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ለግድግዳው የመረጠው ሸክላ አፈር ነበር። የመንደሩ ሰዎች በመጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ ጭቃ የድኻ ነው፣ ዝናብም ያጥበዋል አሉ። ጥርጣሬያቸው ከልምድ የመነጨ ነበር። ኬሬ ግን አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር አዋህዶ በመጠቅጠቅ ጡብ አደረገው፤ የቆርቆሮውን ጣሪያም በብረት ተሸካሚዎች ከኮርኒሱ በላይ አንሥቶ ከግድግዳው አልፎ እንዲዘረጋ አደረገ። ጣሪያው ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል፤ በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል የሚያልፈው አየርም የሞቀውን ይዞ ይወጣል። ሥራው በ2004 የአጋ ኻንን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ፤ ኬሬ ራሱም በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የበርሊን ስሌት አለ፤ በሙቀት የታፈነው የሕፃንነት ክፍልም አለ። ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ ጣሪያው ከፍ ለማለት ምክንያት ወይም ዘዴ ባጣ ነበር።

አንድ ሰው ለሁሉም ሕግ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። ስንቱ በዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል! ስለዚህ ነገሩን ለተማሪው ብርታት ብቻ መተው ፍትሕ አይደለም፤ የተቀባዩም ግዴታ ሊታይ ይገባዋል። ፖርትፎሊዮን እንውሰድ። ሥዕል በማይሰጥበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ የሚያሳየው ሥራ ቀጭን ነው። ባለጠጋው በግል አስተማሪ ተደግፎ ወፍራም ማኅደር ያቀርባል። መዛኞቹ ተሰጥዖን የመዘኑ ይመስላቸዋል፤ የመዘኑት ግን የአባትን ገቢ ሊሆን ይችላል። ጭቃ ሲቦካ ጭዱ ለምን እንደሚጨመር፣ ማገር በምን እንደሚታሰር፣ ምሰሶ ለምን ከዚያ ስፍራ እንደሚቆም ማስረዳት የሚችል ልጅ ስለ ሕንፃ ማሰብ ጀምሯል። መዛኙ ይህን የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው ጁሪ ነው። በኪነ ሕንፃ ትምህርት ተማሪው ንድፉን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ በመምህራን ፊት ቆሞ ይሟገትለታል። በታላላቆች ፊት ዐይንን ሰበር፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግን ጨዋነት ብሎ የተማረ ልጅ በዚያ ስፍራ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ድንቁርና ተብሎ ይመዘገባል። ሆኖም ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የታረመው ተማሪ ተሰደብኩ አይልም፤ በነጋታው ሌላ ይዞ ይቀርባል። ጁሪን ለተማሪው በዚህ መንገድ የሚያስተዋውቅ መምህር ጠባዩን እንዲለውጥ አያስገድደውም፤ የሚያውቀውን ክብር በሌላ አዳራሽ እንዲያገኘው ይረዳዋል።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ መምህር ፍለጋ ሲዞር፣ የማያውቀው መንደር ቁራሽ ይሰጠው ነበር፤ ዋጋም አይጠይቀውም። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ከውጭ የሚመጣው ተማሪ የሚከፍለው ከአገሬው ልጅ እጅግ የበለጠ ነው። ቤተሰቡ መሬት ሸጦ፣ ተበድሮ ልኮት ይሆናል። ከእንግዳው ብዙ የሚቀበል ተቋም እንግዳው ይዞት የመጣውን ዕውቀት ጥቂት እንኳ ሳይጠይቅ ቢቀር፣ ዕዳው የተማሪው ሳይሆን የተቋሙ ነው።

ገበሬ መሬቱን ለዘር ሲመነጥር ዋንዛዋን ለይቶ ይተዋታል። ጥላዋን፣ ቅጠሏን፣ ሥሯ የያዘውን አፈር ያውቃልና። የመሰናዶ መምህርም ከተማሪው አእምሮ ምን እንደሚነቅልና ምን እንደሚተው ለማወቅ በመጀመሪያ ምን እንደ በቀለበት ማየት አለበት። ለዚህ የሚሆን አንድ ቀላል ሥራ አለ። የመጀመሪያው የንድፍ ልምምድ ተማሪው ያደገበትን ቤት በልክ መሣል ይሁን፦ ፕላኑን፣ ሴክሽኑን፣ ፀሐይ የምትገባበትን ሰዓት፣ ውኃ የሚቀመጥበትን፣ ጭስ የሚወጣበትን ወይም የማይወጣበትን። መምህሩም ይህን ሥዕል እንደ ማንኛውም ሥራ በጥብቅ ያርመው፤ የተሳሳተ ልክ በናፍቆት አይታለፍ።

ተማሪው ግን ከቤቱ ሩቅ ነውና ልኩን አያስታውስም። ስለዚህ ስልክ ይደውላል። ከበሩ እስከ ምድጃው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። እናቱም በሩቅ አገር ትምህርት ቤት የእርሷ ምድጃ ለምን እንዳስፈለገ ተገርማ፣ ተነሥታ በክንዷ ትለካለች፤ ቁጥሩን ትነግረዋለች፤ ጨምራም ምድጃው ወደ በሩ ቢጠጋ ኖሮ ጭሱ ይቀልላት እንደ ነበር ትነግረዋለች። እርሱ ክንዱን ወደ ሜትር ይለውጣል፤ የመጨረሻውን ቃሏን ግን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ እንዳለ ይጽፈዋል።